«25 ዶላር ምን ሊያደርግላቸው ነው?»

አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የዛሬ ስድስት ዓመት እዚሁ አሜሪካ ማስተርሴን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ስልክም ኢሜይልም ፖስታም አላቋረጠም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ደወለችልኝ። መጀመሪያ 250 ዶላር ስጪን አለች። አይሆንም ስላት 100 አለች። እሱንም እምቢ ስል 25 ላይ ወረደች። መርካቶ የገባሁ ነው የመሰለኝ። እኔ የተማሪ ብድሬን ገና እየከፈልኩ ነው። እነሱ ያላቸው ገንዘብ በቢሊዮን ይቆጠራል። የኔ 25 ዶላር ምን ሊያደርግላቸው ነው? ልስጥ ወይስ ቁጥራቸውን ብሎክ ላድርገው? መስጠት ካለብኝስ በነጻ ያስተማረኝ ስድስት ኪሎ አይቀድምም?»

እህቴ፣ መርካቶ ያልሽው አሳቀኝ። ከእውነቱም ብዙ አልራቅሽም። እኔ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ በሚያሰባስበው ክፍል መሥራት ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ልጅቷ ከ250 ወደ 25 የወረደችበትን ደረጃ የሚጽፉላት እንደኔ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ከስልኩ ማዶ ያለውን ላሳይሽ። ልስጥ አልስጥ የሚለው ከዚያ በኋላ ይቀልሻል።

ሥራው የሚጀመረው ሰው ከሥራ ገብቶ እራት ሳይቀርብ ነው። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ማዳመጫቸውን አጥልቀው ኮምፒውተር ፊት ይደረደራሉ። የሚከፈላቸው በሰዓት ነው። ብዙ ሰው ከእያንዳንዱ ዶላር የሚቆረጥላቸው ይመስለዋል፤ አይደለም። ቁጥሩን የሚመርጠውም የሚደውለውም ማሽኑ ነው። አንቺ «ሄሎ» ስትዪ ልጅቷ ስክሪን ላይ ስምሽ፣ የተመረቅሽበት ዓመት፣ ዲፓርትመንትሽ፣ ከታወቀ የሥራ ቦታሽ፣ ከዚህ በፊት ሰጥተሽ ከሆነም መጠኑ ከነቀኑ ብቅ ይላል። ከሥር ሦስት ቁጥሮች ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ትሰጪያለሽ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ሁለተኛው ትንሽ እንዲመስል ነው። ሦስተኛው ደግሞ እምቢ ለማለት እንዲያሳፍርሽ። ሦስተኛውን ሳትጠይቅ ስልኩን እንዳትዘጋ በሥልጠናው ላይ ተነግሯታል። በመሀል «ካምፓስ ውስጥ በጣም የምትወጂው ቦታ የት ነበር?» ብላሽ ይሆናል። እሱም ስክሪኑ ላይ አለ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይቺን የውስጥ ሚስጥር በላት። ስልኩን ካላነሳሽ «አልተገኘችም» ተብሎ ይመዘገባል። ማሽኑም ነገ በሌላ ሰዓት ይሞክርሻል። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። «ተመችቶኝ ስሆን እደውላለሁ» ብለሽ ብትዘጊም ያው ነው። «ዘንድሮ አልሰጥም» ካልሽ ግን መልስ ስለሆነ ይመዘገባል፤ የዚያ ዓመት ስልክ ያበቃል። «በስልክ አትጠይቁኝ፣ በኢሜይል ብቻ» የምትዪበት ቦታም አለ። ሐበሻ ይሉኝታ አለበትና በግልጽ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ስልኩን እያየ ያልፈዋል። ከዚያ ለሁለት ወር ሲደወልለት ይኖራል። ስለዚህ ብሎክ አታድርጊ። አንድ ጊዜ አንስተሽ ጥርት ያለ መልስ ስጪያቸው።

አሁን ወደ 25 ዶላሯ እንምጣ።

እውነቱን ስነግርሽ፣ የመጀመሪያዋ 25 ዶላር አታዋጣንም። ለልጅቷ የሰዓት ክፍያ፣ ለማሽኑ፣ ለፖስታው፣ ለቴምብሩ፣ ለምስጋና ደብዳቤው የሚወጣው ሲደመር፣ አንድ አዲስ ሰጪ ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከሚገኘው አይተናነስም። እንዲያውም የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ታዲያ ለምን እንደክማለን? እኛ የምንፈልገው ገንዘቡን ሳይሆን ስምሽ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው እንዲሻገር ነው። «ሰጥታ አታውቅም» ከሚለው ወደ «ሰጥታለች»።

በኛ ሙያ «ላይበንት» የሚባል ቃል አለ። አምና ሰጥቶ ዘንድሮ የቀረ ሰው ማለት ነው። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ሰጥቶ ዘንድሮ ያልሰጠው ደግሞ «ሳይበንት» ነው። መጀመሪያ ስሰማው የበሽታ ስም መስሎኝ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስለሆነ፣ ቢሯችን ውስጥ ከላይበንት ሌላ ወሬ የለም። አንድ ሰው ሦስት ዓመት በተከታታይ 25 ዶላር ከሰጠ፣ አንድ ጊዜ 500 ሰጥቶ ከጠፋው ይልቅ ለኛ ዋጋ አለው። ምክንያቱም ልማድ ሆኖበታል። ልማድ ያለው ሰው ደግሞ ቤት ሲገዛ፣ ሥራ ሲያድግ፣ ልጆቹን አስተምሮ ሲጨርስ፣ ኑዛዜ ሲጽፍ ያስታውሰናል።

ምሳሌ ልስጥሽ። ማይክል ብሉምበርግ፣ የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበረው፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ብዙም ሳይቆይ ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ስጦታውን ሰጠ። 5 ዶላር። ራሱ እንደተናገረው ያኔ አቅሙ ያቺው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የትምህርት ወጪ ብሎ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። በ2024 ደግሞ አብዛኛው የሕክምና ተማሪ በነጻ እንዲማር ሌላ 1 ቢሊዮን ጨመረ። ያቺን 5 ዶላር የተቀበለው ጸሐፊ ምን ይዞ እንደነበር አላወቀም። እኛም አናውቅም። አንቺ ቀጣዩዋ ብሉምበርግ ትሆኛለሽ ብለን አይደለም የምንደውለው። ከብዙ ሺህ ሰው አንድ እንኳ ቢገኝ ሒሳቡ ስለሚሠራ ነው። የቀረው በሙሉ ለዚያ አንድ ሰው ፍለጋ የሚከፈል ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም።

ሌላም ምክንያት ነበር፤ አሁን ቀርቷል። አሜሪካኖች ዩኒቨርሲቲዎችን በየዓመቱ ደረጃ የሚያወጣላቸው ዩ.ኤስ. ኒውስ የሚባል የዜና ተቋም አላቸው። ለረጅም ጊዜ ደረጃውን ሲሠራ «ከቀድሞ ተማሪዎች ስንቱ ሰጠ?» የሚለውንም ይቆጥር ነበር። ስንት ብር ተሰጠ አይደለም፤ ስንት ሰው ሰጠ። እዚያ ላይ የአንቺ 25 ዶላርና የአንድ ሚሊየነር ቼክ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አንድ አንድ ሰው። እንዲያውም 5 ዶላር ብቻ ስጡን እያሉ የሚለምኑ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ተቋሙ ይህን መለኪያ ሰረዘው። ሥራችን ላይ ከባድ ለውጥ ነው ያመጣው። ግን የቆየ ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ አሁንም አለቆቻችን የሚጠይቁን የሰው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከዓመት ዓመት እያሽቆለቆለ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከአስር የቀድሞ ተማሪ አንዱ እንኳ አይሰጥም። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ከግማሽ በላይ የቀድሞ ተማሪዎቹን ሲያሰጥ ኖሯል። እሱ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ የሚመረቁት በየክፍላቸው ዓመት ተደራጅተው፣ ብርቱካንማ ኮት ለብሰው ከነልጆቻቸው ሰልፍ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ጋር ማንንም አታወዳድሪ።

«በቢሊዮን አላቸው» ያልሽው ላይ ደግሞ ግማሽ እውነት አለሽ። ኢንዳውመንት የሚባለውን ቋሚ ሀብታቸውን የኪራይ ቤት አድርገሽ አስቢው። ኪራዩ ይበላል፤ ቤቱ አይሸጥም። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 53 ቢሊዮን ዶላር ነበረው። ከዚያ ላይ በዓመት የሚያወጣው 5 በመቶ አካባቢ ነው። ገንዘቡ አንድ ካዝና ውስጥ የተከመረ አይደለም። ከ14,000 በላይ በሆኑ የተለያዩ ፈንዶች የተከፋፈለ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ሰጪው በጻፈው ቃል የታሰረ ነው። አንዱ ለወፍ ጥናት፣ አንዱ ለግሪክ ቋንቋ መምህር፣ አንዱ ከአንድ ከተማ ለሚመጣ ልጅ ብሎ ሰጥቷል። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጆን ሃርቫርድ የሚባለው ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ1638 ሲሞት የሀብቱን ግማሽና ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍቱን ለኮሌጁ አወረሰ፤ ስሙም ለኮሌጁ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ አን ሞውልሰን የምትባል የለንደን ባለጸጋ ለችግረኛ ተማሪ ትሁን ብላ 100 ፓውንድ ሰጠች።

ለዚህ ነው ዲኖች ቢሊዮን ላይ ተቀምጠው ለአንድ ተማሪ የአውሮፕላን ቲኬት መግዣ የሚቸግራቸው። ያልታሰረ ገንዘብ ብርቅ ነው። በስልክ የምንለምነው በአብዛኛው እሱን ነው፤ «አስፈላጊ በሆነበት ይዋል» የተባለውን። ለዩኒቨርሲቲው የሚሻለው ያልታሰረው ነው። ለአንቺ ግን የሚሻልሽ የታሰረው ነው። እዚህ ላይ ከመሥሪያ ቤቴ ጋር አልስማማም። ዩኒቨርሲቲሽ በርግጥ ቢሊዮን ካለው፣ «አስፈላጊ በሆነበት» ውስጥ የገባ 25 ዶላር የት እንደዋለ ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ እኔንም ጨምሮ።

ስለ ማሰር ካነሳን የኦሲዮላ ማካርቲን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ሚሲሲፒ ውስጥ ሃቲስበርግ የምትባል ከተማ አለች። ማካርቲ እዚያ የሰው ልብስ እያጠበች የኖረች ጥቁር ሴትዮ ነበረች። ትምህርት ያቆመችው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የታመመች አክስቷን ልታስታምም። ከዚያ ወዲህ ግቢዋ ውስጥ በትልቅ ድስት ውኃ እያፈላች፣ እየፈተገች፣ ገመድ ላይ እያሰጣች፣ እየተኮሰች ሰባ ዓመት ግድም ኖረች። መኪና አልነበራትም። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ባንክ ታስገባለች፤ አታወጣም። ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ሲሆን የባንኩ ሰው ጠርቶ አነጋገራት። ጠረጴዛው ላይ አስር ሳንቲሞች ደረደረላት። «እያንዳንዷ ያለሽን ገንዘብ አንድ አስረኛ ናት። ስትሞቺ ለማን ለማን ይሁን?» አላት። አንዷን ለቤተ ክርስቲያኗ አደረገች። ሦስቱን ለሦስት ዘመዶቿ። ስድስቱን ደግሞ ከቤቷ ብዙም ለማይርቀው ለደቡብ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ።

ስድስቱ ሳንቲም 150,000 ዶላር ሆነ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1995 ነው። ያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1965 ድረስ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። እሷ ተምራበት አታውቅም፤ ብትፈልግም አይፈቀድላትም ነበር። ገንዘቡ ለምን እንደሚውልም ተናገረች፤ መክፈል ላቃታቸው ልጆች። የከተማው ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ከራሳቸው አዋጥተው ጨመሩበት። የመጀመሪያዋም ተማሪ ሴትዮዋ በሕይወት እያለች ገባች፤ ማካርቲ ያረፈችው በ1999 ነው። እኔ ቢሮ አዲስ ሰው ሲቀጠር የብሉምበርግን ታሪክ ሌላው ይነግረዋል። እኔ የአስሩን ሳንቲም እነግረዋለሁ።

ታዲያ አንቺ ምን አድርጊ ነው የምልሽ?

መጀመሪያ ብድርሽ። ወለዱ ከፍ ያለ የግል ብድር ከሆነ እሱን ቅደሚ፤ ስለ 25 ዶላር ኅሊናሽን አታስጨንቂ። ዩኒቨርሲቲው ላይ ዕዳ የለብሽም። ከፍለሽ ነው የተማርሽው፤ አሁንም እየከፈልሽ ነው። «ላስተማረሽ መልሺ» የሚል ቃል የሰማሽ እንደሆነ እሱ ጽሑፍ ነው፤ እኛ ነን የጻፍነው።

አይ፣ መስጠቱንስ እፈልገዋለሁ ካልሽ በስልክ ካርድ ቁጥርሽን አትስጪ። ድረ ገጻቸው ላይ ግቢ። «ስጦታዬ ለዚህ ይዋል» የሚል ሳጥን አለ። ብዙ ጊዜ ከታች ተደብቋል፤ «ሌላ» የሚለውን ስትጫኚ ነው የሚከፈተው። እዚያ ዲፓርትመንትሽን ጻፊ። ወይ ደግሞ ለውጭ ተማሪዎች የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ የሚባል ካላቸው እሱን። አባቱ ሞቶበት አገሩ መግባት ያቃተው ልጅ በዚያ ቲኬት ሲቆረጥለት አይቻለሁ። የአምስት ዓመት ቃል ግቢ ቢሉሽ አትፈርሚ። በየወሩ ከካርድሽ ይቆረጥ ቢሉሽ እሱ ጥሩ ነው፤ ሁለት ዶላርም ቢሆን። በፈለግሽ ጊዜ ታቆሚዋለሽ፤ ከላይበንት መዝገብም ታመልጫለሽ።

መሥሪያ ቤትሽን ጠይቂ። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኛቸው ለትምህርት ተቋም የሰጠውን ያህል እነሱም ይጨምራሉ። ማቺንግ ይሉታል። 25ቷ 50 ትሆናለች። ችግሩ ፎርሙን የምትሞዪው አንቺ መሆንሽ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሊሞላልሽ አይችልም። በየዓመቱ ባልተሞላ ፎርም ምክንያት የሚቀረው ገንዘብ ሳስበው ያመኛል።

የታክሱን ነገር አጠር አድርጌ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ አብዛኛው ሰው ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን፣ ወጪ ሳይዘረዘር የሚሰጠውን የተወሰነ ቅናሽ ስለሚወስድ፣ ትንሽ ስጦታ ብዙ ጊዜ ለታክስ አትጠቅመውም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ግን ስታንዳርዱን የሚወስድ ሰውም በዕቃ ሳይሆን በገንዘብ ከሰጠው ላይ እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አንድ ላይ ካስገቡ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላል። የሚቀነሰው ታክስ ከሚታሰብበት ገቢሽ ላይ እንጂ ከታክሱ ላይ አይደለም፤ ሰው ሁልጊዜ ይህን ያደናግራል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጠሽ ደረሰኝ የግድ ነው። ከዚያ በታችም ቢሆን የባንክ ወረቀትሽን አትጣዪ።

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ። «በነጻ ያስተማረኝ» ያልሽውን ትንሽ ላርመው። ከ1996 ዓ.ም ወዲህ ከገባሽ ኮስት ሼሪንግ፣ የወጪ መጋራቱን ውል፣ ፈርመሻል፤ ኦርጅናል ዲግሪሽን ስታወጪ ሳታስታውሺው አትቀሪም። ያም ሆኖ ትልቁን ወጪ የሸፈነው ገበሬው ነው። ስሜትሽ ይገባኛል።

የኔ ትዝታ ግን ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲዬ ለመጨረሻ ጊዜ ያናገረኝ ክሊራንስ ስጨርስ ነው። ወረቀቷን ይዤ ከላይብረሪ ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ፕሮክተር ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ስፖርት ክፍል ዞርኩ። እግር ኳስ ነክቼ አላውቅም፤ ኳስ እንዳልወሰድኩ የሚያረጋግጠው ሰውዬ ግን ምሳ ወጥቶ ሁለት ሰዓት አስጠበቀኝ። የመጨረሻው ማህተም ዱብ ሲል «ጨርሰሃል» አለኝ ጸሐፊው። በርግጥም ጨረስን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ስልክ ደርሶኝ አያውቅም። እዚህ አገር ደግሞ ገና ጋዋኑን ሳታወልቂ «የተመራቂዎች ስጦታ» ብለው 10 ዶላር ይቀበሉሻል። አንዱ ሲጨርስ ያሰናብታል፤ ሌላው ሲጨርስ ይጀምራል።

እኛ ጋ ስጦታ ሁልጊዜ ከላይ ነው የመጣው። በ1954 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሡ ግርግር፣ ሹማምንቱ የተገደሉበት ቤት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሊኖሩበት አልፈለጉም የሚል ወሬም አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ከዚያ የሚበልጥ የንብረት ስጦታ ለዩኒቨርሲቲ የሰጠ ኢትዮጵያዊ እኔ አላውቅም። ኬኔዲ ላይብረሪ በአሜሪካ እርዳታ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ያለው የመንግሥት በጀት ነው። ተመራቂውን የጠየቀው የለም። ሐበሻ አይሰጥም እንዳትዪኝ፤ አንድ ሰው ሲታመም ጎፈንድሚው በሁለት ቀን ሲሞላ ስንት ጊዜ አይተሻል። እድሩ፣ እቁቡ፣ የሰፈሩ መዋጮ አለ። የሚጠይቅ ነው የጠፋው። አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝ ማለት ሌላውን ትተን፣ ገቢሽን ራስሽ ፈልጊ ማለትም ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ስድስት ኪሎም ይደውልልሽ ይሆናል።

እስኪደውል አትጠብቂ። ግን እኛ የሠራነውን ስህተት አትድገሚ።

ከዓመታት በፊት አንድ አስራ አራት የምንሆን የባች ጓደኛሞች ተሰብስበን ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሃያ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዝተን ላክን። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የነሱ ብቻ አልነበረም። ፎቶ ተነሳን፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፍን። ዕቃው ጉምሩክ ከቀረጥ ነጻ ደብዳቤ ሲጠብቅ ወራት ቆየ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲደርስ ደግሞ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 የሚባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ መቁረጥ አልቻለም። የመግዣ ዋጋ የለውማ። ዋጋ የሌለው ንብረት እንዴት ገቢ ይሆናል? ገቢ ያልሆነ ንብረትስ እንዴት ወጪ ይደረጋል? ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አቧራ ለበሰ። በመጨረሻ እኛው የሸጠልንን ሰውዬ ደረሰኝ አፈላልገን ላክንና ተከፈተ። ላብራቶሪ ገብተው ሶኬት ላይ ሲሰኩ ስድስቱ ጢስ አወጡ። ለካ ጀርባቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ማዞሪያ 110 ላይ ናት። ወደ 220 የሚገፋት ሰው አልተገኘም፤ እኛም አልነገርን።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የላብራቶሪው ቴክኒሺያን ስልክ ላይ ያለኝን አልረሳውም። «ኮምፒውተር እኮ ነበረን። የቸገረን ዩፒኤስ ነው። መብራት ድርግም ባለ ቁጥር የልጆቹ ሥራ ይጠፋል።» ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ይሸጣል። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት ደውዪ። ለፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ለቴክኒሺያኑ፣ ለላይብረሪ ሠራተኛዋ፣ እዚያው ለሚያስተምር የባችሽ ልጅ። የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ሁሉም ባች አለው። እዚያ «እናዋጣ» ብለሽ አትጻፊ፤ መቶ ሰው «በጣም ጥሩ ሐሳብ» ይልና ያበቃል። አራት ሰው በግል አናግሪ። አራታችሁ ቀድማችሁ አዋጡ። ከዚያ «ይህን ያህል ተሰብስቧል፣ ለዚህ ነው፣ ይህን ያህል ይቀረናል» ብለሽ ግቢ። ዕቃ ከዚህ አትላኩ፤ እዚያው ይገዛ፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ደረሰኝ ይቆረጥ። ገንዘቡ በማንም የግል አካውንት እንዳይዞር። በጓደኝነት የተጀመረ ስንት ነገር እዚያ ላይ ፈርሷል።

የታክስ ቅናሽ የሚፈልግ ካላችሁ፣ በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ ዩኒቨርሲቲ የተላከ ገንዘብ እዚህ አይቀነስም። በጎፈንድሚ ለግለሰብ የተሰጠም አይቀነስም። እዚህ አገር የተመዘገበ፣ እኛ በልማድ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የምንለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ማለፍ አለበት፤ ድርጅቱም ገንዘቡ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ለሦስት ሺህ ዶላር አዲስ ድርጅት አታቋቁሙ። ያለውን ፈልጉና በእሱ በኩል ሥሩ። በማኅበር መርዳት አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚያው ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች የሚባል ማኅበር አለ። ሥራው ጠባብ ነው፤ ለሙዚየሙና ለላይብረሪው የብራና መጻሕፍትና ቅርስ እየገዛ ይሰጣል። ጠባብ መሆኑ ነው ያቆየው ባይ ነኝ።

«የቱ ይቀድማል?» ላልሽው የግሌን ልንገርሽ። የኔ የዓመት ስጦታ አብዛኛው ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ ዘንድሮ ለስምንት ዩፒኤስ ባትሪ መቀየሪያ። እዚህ ለተማርኩበት ደግሞ በዓመት 25 ዶላር እሰጣለሁ፤ ለዲፓርትመንቱ፣ በስም ታስሮ፣ ከነማቺንጉ። አንቺ ዘንድሮ ለሁለቱም ባትሰጪ የሚወቅስሽ የለም።

መጋቢት ላይ መልሳ ትደውላለች፤ ያ የስልክ ወቅታችን ነው። በትህትና አናግሪያት። እሷም እንዳንቺ ብድር አለባት። ከፈለግሽ «250ውን ዝለዪና በቀጥታ ከ25 ጀምሪልኝ» በያት። ትስቃለች። ከዚያ «250 ዶላር ይችላሉ?» ትልሻለች። ስክሪኑ አያዘላትም።